ስሙ የለም፤ ሰውየው ግን አለ

የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ጸሐፊነት በአብዛኛው የወረቀት ሥራ ነው። ፕሮፖዛል ይገባል፤ ፊርማ ጎድሎት ይመለሳል፤ ተስተካክሎ እንደገና ይገባል። በተለይ የካርድ ጥናት፣ ማለትም ከታካሚዎች የቆየ መዝገብ መረጃ የሚለቅም ጥናት፣ ብዙም አያከራክርም። ደም አይቀዳም፣ መድኃኒት አይሞከርም፤ ስም እስከተሰረዘ ድረስ የሚጎዳ ሰው የለም ተብሎ በተፋጠነ ግምገማ ያልፋል። እዚህ ድሬዳዋ የገጠመን አንድ የካርድ ጥናት ግን ግማሽ ቀን ፈጀብን።

አመልካቹ ወጣት ሐኪም ነው፤ ጎበዝ ልጅ። ሊያጠና የፈለገው በ2011 ዓ.ም. ክረምት ከተማችንን አልጋ ላይ ያዋላትን የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ነበር። ያን ጊዜ ድሬዳዋ የነበረ አይረሳውም፤ በየቤቱ መገጣጠሚያውን ይዞ የሚያቃስት ሰው ነበር። ጥያቄዎቹም ቁም ነገር ያላቸው ናቸው። ስኳር፣ የልብ ሕመም ወይም ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሰዎች እንዴት ሆኑ? የትኛው ቀበሌ ይበልጥ ተመታ? በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው ሰው በበርሜልና በጎማ ውስጥ ባጠራቀመው ውኃ ስለሆነ፣ ቀበሌውን ማወቅ ለመከላከል ሥራ ትልቅ ነገር ነው።

በቅጹ ላይ የታካሚ ፈቃድ በሚለው ቦታ «አያስፈልግም፤ መረጃው ስም አልባ ነው» ብሎ ጽፏል። ለናሙና ከሰንጠረዡ ጥቂት ረድፎች አትሞ አያይዟል። ስም የለም፣ የካርድ ቁጥር የለም፣ ስልክ የለም። ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀበሌ፣ ሥራ፣ ለሕክምና የመጣበት ቀንና ተጓዳኝ ሕመም ግን በየዓምዳቸው ተሰልፈዋል።

ኮሚቴያችን ውስጥ ሐኪምም ተመራማሪም ያልሆኑ፣ ኅብረተሰቡን የሚወክሉ አባል አሉ። ዓለም አቀፍ መመሪያዎችም ይህን ይጠይቃሉ፤ እንደ እኔ አስተያየት ግን በብዙ ቦታ ይህ ወንበር ለይምሰል የተቀመጠ ነው። የእኛው ወኪል የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ድሬ አንቱታ አትወድም ይባላል፤ እሳቸውም ሊቀመንበሩን ሳይቀር «አንተ» ነው የሚሉት።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ናሙናውን ሲያነቡ ቆዩና ጣታቸውን አንድ ረድፍ ላይ አቆሙ።

«ይህን ሰው አውቀዋለሁ» አሉ።

ሐኪሙ ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ ስም የለውም እኮ።»

«ስም ምን ያደርግልኛል? ሰባ አንድ ዓመት፣ ወንድ፣ ባቡር ነጂ የነበረ፣ በስኳር እግሩ የተቆረጠ። እዚያ ቀበሌ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ስንት አለ መሰለህ? አብረን ሠርተናል። ስኳሩንም እግሩንም አውቅ ነበር። ቀጥሎ የተጻፈውን ግን ነግሮኝ አያውቅም። ነገ ቡና ስንጠጣ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

ቀጥሎ የተጻፈው ኤች አይ ቪ ነበር።

ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት ከተማ ስለሆነ ነው እንዳይባል፣ በአሜሪካም ይኸው ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በማሳቹሴትስ የመንግሥት ሠራተኞች የሕክምና መረጃ ስም ተሰርዞለት ለተመራማሪዎች ሲሰጥ፣ ያኔ ተማሪ የነበረችው ላታንያ ስዊኒ የካምብሪጅ ከተማን የመራጮች መዝገብ በ20 ዶላር ገዛች። የትውልድ ቀንን፣ ጾታንና የፖስታ ቁጥርን አመሳክራ የግዛቱን ገዥ የዊልያም ዌልድን የሕክምና መረጃ ለይታ አወጣች። ጋሼ ሃያ ዶላሩም አላስፈለጋቸውም።

ሐኪሙ በቀላሉ አልተረታም፤ ይህን ወድጄለታለሁ። «ታዲያ እያንዳንዱን እየፈለግሁ ፈቃድ ልጠይቅ?» አለ። ከታካሚዎቹ የሞተ አለ፣ ጅቡቲ የተሻገረ አለ፣ ስልኩን የቀየረ አለ። የተገኙት ብቻ ቢያዙ ደግሞ ውጤቱ ይዛባል። ነርስ የሆነችው አባላችን ማናችንም ያላሰብነውን ጨመረች፤ ቤት ደውሎ ስለ ኤች አይ ቪ መዝገብ ማውራት፣ ስልኩን ሚስት ወይም ልጅ ካነሳው፣ ከሰንጠረዡ የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

ፈቃዱ ሊቀር እንደሚችል ሁላችንም አመንን። የዓለም አቀፍ የሕክምና ሳይንስ ድርጅቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው መመሪያ ለዚህ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ፈቃዱ ካልቀረ ጥናቱን ማካሄድ የማይቻል መሆኑን፣ ለማኅበረሰቡ ትልቅ ጥቅም መኖሩን፣ በሰዎቹ ላይ የሚደርሰው አደጋ ከአነስተኛ አለማለፉን። ጥናቱ ሁለቱን ያሟላል። በሦስተኛው ወደቀ። ይባስ ብሎ ሐኪሙ ሊያሳትምበት ያሰበው መጽሔት ዳታው ለማንም ክፍት እንዲሆን ይጠይቃል።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሰዓት የገበያ ክርክር ይመስል ነበር። ሊቀመንበሩ ቀበሌ ይውጣ አሉ፤ ሐኪሙ ቀበሌ ከወጣ ጥናቱ ምን ቀረው አለ፤ እውነቱን ነው። ቀበሌ ቀረ። ዕድሜ በአምስት አምስት ዓመት ተቧድኖ፣ ከ65 በላይ ያሉት አንድ ላይ እንዲሆኑ ተደረገ። ቀኑ ወደ ሳምንት ተቀየረ፤ የወረርሽኙን አካሄድ ለማየት ሳምንት ይበቃል። ሥራ ለምን እንደተያዘ ስንጠይቅ መልሱ «ካርዱ ላይ ስላለ» ነበር። ካየኋቸው የካርድ ጥናቶች ብዙዎቹ ከሚያስፈልጋቸው በላይ የሚሰበስቡት በዚሁ ምክንያት ነው። ያ ዓምድ ያለ ክርክር ተሰረዘ። ተጓዳኝ ሕመምና ቀበሌ ደግሞ እርስ በርስ ሊያያዙ በማይችሉ ሁለት ፋይሎች እንዲለዩ፣ ቁጥሩ ከ5 በታች የሆነ ማንኛውም ነገር በሰንጠረዥ እንዳይታተም፣ ከካርዱ የሚቀዱትም ተመራማሪው ሳይሆን የካርድ ክፍል ሠራተኞች እንዲሆኑ ወሰንን። ዳታውን የሚፈልግ ሌላ ተመራማሪም በኮሚቴው በኩል ይጠይቃል።

ወረቀታችንን መሰብሰብ ስንጀምር ነርሷ «ለሰውየውስ ማን ይንገረው?» አለች።

ይህ ከሁሉም ከበደን። ጋሼ አይነገረው ባይ ናቸው። «ምን ይጠቅመዋል? ማወቄን ካወቀ ከእኔ ጋር ሁለተኛ አይቀመጥም።» ነርሷ ደግሞ መረጃው የእሱ ነው፤ ማን እንዳየው የማወቅ መብት አለው አለች። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ እንደሚያስቀምጥም አስታወሰችን። በመጨረሻ ለጤና ተቋሙ በጽሑፍ እንዲገለጽና ክትትል የሚያደርጉለት ባለሙያ እንዲነግሩት ተወሰነ፤ የጋሼ ተቃውሞ በቃለ ጉባኤው ሰፈረ። እኔ ከነርሷ ጋር ነኝ። ለጋሼ ግን የምሰጠው መልስ አልነበረኝም።

አሁን ናሙና የምንቀበለው በፈጠራ ቁጥር የተሞላ ሲሆን ብቻ ነው። የዚያን ዕለት የታተሙትን ቅጂዎች ሰብስቤ ቀዳድጃለሁ። ከስብሰባው በፊት በኢሜይል የተላከውን እንዲሰርዙ አባላቱን በደብዳቤ ጠይቄ ከአብዛኞቹ «ሰርዣለሁ» የሚል መልስ ደርሶኛል፤ የሁለቱ ግን እስካሁን አልመጣም።