ስልኩ ገመድ አልባ፣ ማዳመጫው ባለገመድ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጋቢ ደርቦ፣ ትልቅ ባለገመድ ሄድፎን ጆሮው ላይ ደፍቶ የሚሄድ ሰው ካያችሁ እኔ ልሆን እችላለሁ። የሰፈር ልጆች "ዲጄ!" እያሉ ይጠሩኛል። ገመዱ ግን ስልኬ ጋ አይደርስም። ሸሚዜ ላይ በቆነጠጥኳት፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙም በማትበልጥ ጥቁር ነገር ላይ ያልቃል። ስልኩ ሌላ ኪስ ውስጥ ነው።

ይህቺን ነገር ከውጭ ይዛልኝ የመጣችው የአክስቴ ልጅ ናት። "ምን ላምጣልህ?" ስትለኝ ጫማ ወይም ጃኬት የምላት መስሏት ነበር። ስነግራት ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ሰው ሲጠይቀኝ "የብሉቱዝ አምፕ ናት" ብዬ አልፋለሁ። ቡና ላይ ከሆንን ግን ትንሽ አስረዝመዋለሁ።

ስልክ ውስጥ ያለ ዘፈን ቁጥር ነው። ለምሳሌ ሲዲ ላይ ያለ ድምፅ በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ ተለክቶ የተመዘገበ ነው። ጆሮ ቁጥር አይሰማም። መጀመሪያ ቁጥሩ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ መቀየር አለበት። ይህን የሚሠራው ቺፕ ዳክ ይባላል። ሞገዱ ደግሞ የማዳመጫውን ስስ ሽፋን ለማንቀጥቀጥ ጉልበት ይፈልጋል። ጉልበቱን የሚሰጠው አምፕሊፋየሩ ነው። ድሮ ሁለቱም ከስልኩ ጃክ፣ ማለትም ከማዳመጫ መሰኪያ ቀዳዳው፣ ጀርባ ነበሩ። አይፎን 7 እ.ኤ.አ. በ2016 ያለ ጃክ ከወጣ ወዲህ ሌሎቹም እየተከተሉ ቀዳዳዋን ደፈኗት። የእኔም ስልክ የላትም። ስለዚህ ስልኩ ቁጥሩን በብሉቱዝ ይልካል፤ የቀረውን ሥራ ትንሿ ሣጥን ትሠራዋለች።

"ታዲያ ለምን ገመድ አልባውን ኤርፎን አትገዛም?" ይሉኛል። እውነት ነው፣ እሱም ውስጥ ዳክም አምፕም አለ። ባትሪውም እዚያው ጆሮ ውስጥ በምትገባው ፍሬ ውስጥ ነው። ባትሪው ሲደክም ግን አብሮ የሚጣለው ሁሉም ነው። ከሁለቱ አንዷ ፍሬ ሚኒባስ ውስጥ ብትወድቅ ሌላዋ ብቻዋን ምን ትሠራለች? የእኔ ሄድፎን ስቱዲዮ ይሠራ ከነበረ ጓደኛዬ የገዛሁት አሮጌ ነው። ስፖንጁን ቀይሬዋለሁ፤ ሌላው አካሉ ግን ገና ብዙ ያገለግላል።

ችግሩ ይህ ሄድፎን ባለ 250 ኦም መሆኑ ነው። ኦም ማዳመጫው ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚገታ የሚለካበት ነው። ከስልክ ጋር የሚመጡት ኤርፎኖች ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 32 ኦም ናቸው። ኦሙ ሲበዛ ማዳመጫው ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ጃክ የነበረው የቀድሞ ስልኬ ላይ ስሰካው እህል ጭኖ ታርማበርን እንደሚወጣ አሮጌ አይሱዙ ነበር የሚሆነው። ድምፁ እስከ መጨረሻ ተከፍቶ እንኳ ቀጭንና ሩቅ ነበር። አሁን ሣጥኗን "ሃይ ጌን" በሚባለው ከፍተኛ የማጉያ ደረጃዋ ላይ ሳደርጋት ከግማሽ በላይ መጨመር አያስፈልገኝም። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ስስ ኤርፎን ስሰካባት ደግሞ ወደ "ሎው" እመልሳታለሁ፤ አለበለዚያ ዘፈን በሌለበት ሰዓት እንኳ ሽሽ የሚል ነገር ይሰማል።

ማታ ላይ የምወደው ሌላ ጥቅም አላት። የስልክ ድምፅ መጨመሪያ እርከኑ ሰፊ ነው። አንዱ ይጮሃል፣ ከሱ በታች ያለው አይሰማም። ሣጥኗ የራሷ እርከን አላት፤ በጣም ጥቃቅን ነው። ሰፈሩ ሁሉ ጭጭ ሲል፣ ብርዱም አላስተኛ ሲል፣ በጣም ዝቅ አድርጌ እሰማለሁ።

አሁን ወደ ኮዴክ ልግባ፤ ሰው የሚከራከረው እዚህ ላይ ነውና። የሲዲ ጥራት ያለው ድምፅ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ነው። የምናውቀው ብሉቱዝ ይህን እንዳለ አይሸከምም። ስለዚህ ስልኩ ጆሮ ልብ አይለውም ብሎ የገመተውን እየጣለ ድምፁን ይጨምቀዋል። የመጨመቂያው ዘዴ ኮዴክ ይባላል። ሙዚቃ የሚያሰማ የብሉቱዝ ማዳመጫ ሁሉ የሚያውቀው ኤስቢሲን ነው፤ ጥሩ በሚባለው አሠራሩ 328 ኪሎቢት ገደማ ነው። ኤፒቲኤክስ ኤችዲ 576 ይደርሳል። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2015 ያመጣው ኤልዳክ ደግሞ ሦስት ደረጃ አለው፤ 330፣ 660 እና 990። ከአንድሮይድ 8 ወዲህ ብዙ ስልኮች ውስጥ አለ። አይፎን የያዘ ሰው ግን ሣጥኗ ምንም ብታውቅ በብሉቱዝ የሚያገኘው ኤኤሲና ኤስቢሲን ነው።

ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ይህን መምረጫ ለማግኘት ሴቲንግ ገብቶ "ቢልድ ነምበር" የሚለውን ሰባት ጊዜ መንካት ያስፈልጋል። ከዚያ የተደበቀ ዝርዝር ይከፈታል። ትልቁን ቁጥር መምረጥ ያጓጓል። እኔ ግን 660 ላይ ነው የተውኩት። 990 ላይ ስልኩን የኋላ ኪሴ ከትቼ ሣጥኗን ደረቴ ላይ ሳደርግ ይቆራረጣል። ብሉቱዝ የሚሄድበትን የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ውሃ ይውጠዋል፤ ሰውነታችን ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ብዙ ዋይፋይም በዚያው ሞገድ ላይ ነው። ሰው የሞላበት ካፌ ውስጥ ይብሳል። ከከተማ ወጣ ብዬ ሜዳው ላይ ስሄድ ግን ምንም አይለውም። ኤልዳክን "ራስህ ምረጥ" ብሎ መተውም ይቻላል። ብቻ መንገዱ ሲጨናነቅ ወደ 330 ይወርዳል፤ ያኔ ከኤስቢሲ ያን ያህል አይለይም።

ቁም ነገሩ ግን ኮዴኩ አይደለም። ስልኬ ላይ ያለው አብዛኛው ዘፈን ከቴሌግራም የወረደ፣ ከዚያ በፊት ሙዚቃ ቤት በፍላሽ የተገለበጠ፣ ከዚያም በፊት ከካሴት የተቀዳ ነው። 128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ነው። ፋይሉ ሲሠራ የተጣለውን ድምፅ ዳክ ከየት ያመጣዋል? ሣጥኗ የምታደርገው ያለውን አጥርታ ማሳየት ብቻ ነው። የካሴቱ ሽሽ ማለት ይሰማል። ጸናጽሉ ውሃ ውስጥ እንዳለ የሚሆንበት ቦታ ይሰማል። ለዓመታት የወደድኳቸው አንዳንድ ዘፈኖች በዚህ ምክንያት አስጠልተውኛል፤ እነሱን በስልኩ ስፒከር ነው የምሰማቸው። አይሳቅ፣ እዚያ ላይ ያምራሉ።

በገና ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በገና አሥር አውታር አለው። አውታሩ የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው። በአውታሩና በድልድዩ መካከል የምትገባ ቁራጭ ቆዳ አለች፤ ያ የሚነዝረው ድምፅ የሚመጣው በሷ ነው። ስለዚህ ድምፁ ሁለት ነገር ይዟል፤ ከታች ከባድና ወፍራም መሠረት፣ ከላይ ደግሞ የቆዳዋ ንዝረት። ርካሽ ኤርፎን ታችኛውን አያወጣውም። የሚሰማው ንዝረቱ ብቻ ይሆንና ንብ የገባበት ጣሳ ይመስላል። ብዙ ወጣት "በገና ይከብደኛል" የሚለው በዚህ ይመስለኛል። በደንብ የተቀዳ በገና በዚህ ሄድፎን ስሰማ ግን መሠረቱ አገጬ ስር ነው፤ ንዝረቱ በላዩ ላይ ይሄዳል።

ይህን ያረጋገጡልኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ የአባቴ ወንድም ናቸው፤ መንዝ፣ መሐል ሜዳ አጠገብ ነው የሚኖሩት። በሁዳዴ በገና ይደረድራሉ። ሄጄ በርኖሳቸውን ለብሰው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። "ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይስሙልኝ" አልኳቸው። መጀመሪያ "ምን ልታደርገኝ ነው?" አሉ። ቆባቸውን አውልቄ ሄድፎኑን ደፋሁላቸው። ዝም ብለው ቆዩ። የማመስገን ነገር እጠብቅ ነበር።

"አውታሩ ላልቷል" አሉ።

"የቱ ጋሼ?"

"ከታች ያለው ነዋ! ሳይቃኝ ነው የቀዳው። ደግሞ ትንፋሹ ይሰማል፤ ቸኩሏል።"

እኔ ያን ቅጂ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ የላላ አውታር እንዳለው አላወቅኩም። እሳቸው ግን አንዴ ሰምተው ለዩት። ለካ ጥሩ ዕቃ ለሚያውቅ ጆሮ ነው ብዬ ትንሽ ከፋኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም ያን አውታር እየሰማሁት ነው፤ አሁን አላስቀምጥ ብሎኛል።

መንገድ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ አውቶቡሱ ውስጥ የሹፌሩ ዘፈን አለ፣ ሞተሩ አለ፣ ታርማበር ዋሻውን አልፎ ቁልቁለቱ ሲጀመር ጆሮ መደፈን አለ። ያን ሁሉ ለመሸፈን ድምፅ መጨመር ይቀናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ይበቃል ይላል። 90 ዴሲቤል ሲሆን ግን በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ። ጉልበታም አምፕ ይዞ መሄድ ይህን ገደብ ለማለፍ ቀላል ያደርጋል። የእኔ ሄድፎን ጆሮን ሙሉ የሚሸፍን ስለሆነ የውጭውን ጩኸት ይቀንስልኛል። እንዲያም ሆኖ ደብረ ሲና ስንደርስ አውርጄ ቆሎ እበላለሁ።

ሁለት የሚያናድዱኝ ነገሮች አሉ። አንደኛው ባትሪዋ ነው። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ሲጠና ቶሎ ትደክማለች፤ የሊቲየም ባትሪ ቅዝቃዜ አይወድም። ከሸሚዝ ኪስ ወደ ውስጥ፣ ወደ ሰውነቴ ጠጋ ሳደርጋት ትሻላለች። ሁለተኛው ስልክ ሲደወል ነው። ማይክ አላት፣ ግን ነፋስ ሲነሳ ከወዲያ ያለው ሰው የሚሰማው ነፋሱን ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ነፋስ የሌለበትን ሰዓት መምረጥ ነው የሚያስቸግረው። ላፕቶፕ ላይ በኬብል ስትሰካ ግን ሁለቱም ይረሳሉ። ብሉቱዙም መጭመቁም ይቀርና ቁጥሩ እንዳለ ይገባል። ቤት ስሆን የምሰማው እንዲያ ነው።

አሁን ጭንቀቴ የጋሼ ካሴቶች ናቸው። ሟች አያቴ የደረደሩት በገና እዚያ ውስጥ አለ ይላሉ። ሣጥኗ እዚህ ላይ አትረዳኝም፤ ከማይኳ በቀር ከቁጥር ወደ ሞገድ እንጂ ወደ ኋላ አትሄድም። ከካሴት ለመቅዳት የሚያስፈልገው ሞገዱን ለክቶ ቁጥር የሚያደርግ ሌላ ዕቃ ነው። ላፕቶፕ ላይ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ዓይነት አለ፤ ለአክስቴ ልጅ ነግሬያታለሁ። "ደግሞ ሌላ ሣጥን?" ብላኛለች። ጋሼ ደግሞ ካሴቱ ከቤት እንደማይወጣ ቁርጡን ነግረውኛል። ሁዳዴ ሲገባ እኔው ላፕቶፑን ይዤ እሄዳለሁ። የቴፑን ጎማ ማስቀየር አለብኝ፣ ረግቧል። መብራት ከጠፋም ትልልቁን የባትሪ ድንጋይ ስለሚፈልግ ከዚሁ ገዝቼ መውጣት ይሻለኛል።