የቤታችንን አሮጌ ኮምፒውተር ባዮስ ያደስኩበት እሑድ

ልጄ ቪዲዮ ማቀናበር ስትጀምር የቤታችን ኮምፒውተር አልቻላትም። ማዘርቦርዱም (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ራይዘን 5 1400 ፕሮሰሰሩም (ስሌቱን የሚሠራው ዋናው ቺፕ) እ.ኤ.አ. የ2017 ምርት ናቸው። ያገለገለ ራይዘን 5 5600 ገዛሁ፤ ኤኤም4 በሚባለው በዚያው መሰኪያ ላይ ይቀመጣል። ችግሩ የድሮው ባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም፣ በ2022 የወጣውን ፕሮሰሰር አያውቀውም። ስለዚህ አሮጌው ሳይነቀል ባዮሱ መታደስ ነበረበት።

ባዮስ ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ ይቀመጣል። እድሳቱ መሀል ላይ ከተቋረጠ ኮምፒውተሩ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። መብራት ሳያስጠነቅቅ በሚሄድበት ሰፈር ለምንኖር ሰዎች ይህ ያስፈራል። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስ የሚባል መሣሪያ ከወንድሜ ተዋስኩ። ደግነቱ ሳልሞክረው አላመንኩትም። ኮምፒውተሩን አስነስቼ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው ብነቅለው አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ባለ 12 ቮልት አዲስ ባትሪ ገዝቼ ቀየርኩለት፤ ደግሜ ስሞክረው ሩብ ሰዓት ያህል ቆየ። ይህን ሙከራ ማንም እንዳይዘልለው እለምናለሁ።

ቀጥሎ የኮምፒውተሩን ሽፋን ከፈትኩ። አቧራውን በብሩሽ ጠርጌ በስልኬ መብራት ስፈልግ፣ የማዘርቦርዱ ጥግ ላይ በነጭ ቀለም «ሬቭ 1.1» የሚል ጽሑፍ አገኘሁ፤ የሰሌዳው የእትም ቁጥር ነው። ቀድሜ ያወረድኩት ፋይል የ1.0 ነበር! እዚያው ሰረዝኩት። ትክክለኛውን ከአምራቹ ገጽ ሳወርድ ማብራሪያውን እስከ መጨረሻው አነበብኩ፤ በቀጥታ ወደ አዲሱ መዝለል አይቻልም፣ መጀመሪያ መካከለኛው ይጫን ይላል። ፋይሎቹን ፋት 32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ባዘጋጀሁት ፍላሽ ላይ አስቀመጥኩ። የባዮሱን ገጾች አንድ በአንድ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ዲስካችሁ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነ፣ ከመጀመራችሁ በፊት የመክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉት።

እድሳቱን ከዊንዶውስ ሳይሆን ከራሱ ከባዮሱ ውስጥ ሠራሁት። ሁለቱም ዙሮች አራት አራት ደቂቃ ያህል ፈጁ። ከሁለተኛው በኋላ ግን ስክሪኑ ጠቁሮ ቀረ።

«አባዬ፣ ተበላሸ እንዴ?» አለች ልጄ።

እጄ ወደ ማጥፊያው ሄዶ ነበር፤ መለስኩት። ኮምፒውተሩ ሚሞሪውን እንደ አዲስ እየፈተሸ ኖሮ ከአንድ ደቂቃ በላይ ቆይቶ ተነሳ።

አጥፍቼ፣ ገመዱን ነቅዬ ፕሮሰሰሩን ቀየርኩ። አዲሱን ወዲያው አወቀው፤ በዊንዶውስ ፋንታ ግን «የሚነሳበት ዲስክ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ መጣ። እድሳቱ የባዮሱን ምርጫዎች ሁሉ ወደ ፋብሪካው መልሷቸዋል። ስልኬን አውጥቼ ሦስተኛውን ፎቶ ሳይ ሲኤስኤም የሚባለው፣ በድሮው አሠራር የተጫነ ዊንዶውስ እንዲነሳ የሚያደርገው ምርጫ ቀድሞ በርቶ ነበር። መልሼ አበራሁት፤ ዊንዶውስ ተነሳ።

ዩፒኤሱን በማግስቱ ከነአዲስ ባትሪው ለወንድሜ መለስኩለት።