ቁልቁል የሚያይ አሸናፊ

ፍሎረንስ ውስጥ ፒያዛ ዴላ ሲኞሪያ በሚባለው አደባባይ ሳልፍ ሰው ሁሉ ወደ ዳዊት ሐውልት ሲጎርፍ አያለሁ። እዚያ ያለው ቅጂው ነው፤ የማይክል አንጄሎ እጅ ያረፈበት እብነ በረድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 ወደ አካዳሚያ ቤተ መዘክር ተወስዷል። እኔን የሚያስቆመኝ ግን ከአደባባዩ ዳር፣ ሎጂያ ዴይ ላንዚ ከተባለው ባለ ቅስት አዳራሽ ሥር ያለው የነሐስ ሰው ነው፤ የግሪኮች ተረት ጀግና ፐርሴዎስ። በቀኝ እጁ ጎራዴ ይዟል፤ በግራው የጭራቋን የሜዱሳን የተቆረጠ ራስ ለሕዝብ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ሬሳዋ ከእግሩ ሥር ነው። ዛሬም ከሥራ ስመለስ ዝናቡን ሰበብ አድርጌ ተጠለልኩና ቆሜ አየሁት፤ ማታ ይህን ካልጻፍኩ እንቅልፍ የሚወስደኝ አልመሰለኝም።

ሠሪው ቤንቬኑቶ ቼሊኒ ወርቅ አንጥረኛ ነበር። ሐውልቱ ከ3 ሜትር በላይ ቢረዝምም የአንጥረኛው እጅ በየቦታው ይታወቃል፤ በቁርጭምጭሚቱ ክንፎች፣ በራስ ቁሩ ጌጥ፣ ደረቱን አቋርጦ በሚያልፈው ጠፍር ላይ በተቀረጸው የቼሊኒ ስም። በእሱ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ የነበረው የጥበብ ፈለግ ማኔሪዝም ይባላል። ሰውነት ይጠመዘዛል፣ ይረቅቃል፤ በአንድ ቦታ ቆሞ አይቶ የሚጠግበው የለም፣ መዞር ያስፈልጋል። ወደ ኋላ ለዞረ ሰው ከራስ ቁሩ ጀርባ የጢማም ሰው ፊት ብቅ ይልበታል። ቼሊኒ የራሱን መልክ ደብቆ አስቀምጦበታል ይባላል።

ሜዱሳ ትራስ ላይ እጥፍጥፍ ብላ ወድቃለች። አንደኛው እጇ ከመቆሚያው ጠርዝ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ ሌላው የገዛ እግሯን ጨብጧል። ይህ እጅ ነው የማይለቀኝ። ሕይወት ከሌለው አካል ላይ ይህን ያህል የጭንቅ ጉልበት ማን ያስባል? ከአንገቷ የሚወርደው ደም ነሐስ ሆኖ ረግቷል፤ ዘርፍ ዘርፍ አውጥቷል። ፊቷን ወደ ላይ አንጋጦ ላየው ጭራቅ አይደለም። ዓይኖቿ ወደ ታች ወርደዋል፣ ከንፈሯ በትንሹ ተከፍቷል፤ ቆንጆ ናት። ፐርሴዎስም እንደዚሁ ቁልቁል ነው የሚያየው። ፉከራ የለም፣ ሽለላ የለም።

የእህቴ ልጅ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ እዚህ አምጥቻት ነበር። ብዙ ዝም ብላ ካየች በኋላ፣ «አክስቴ፣ ለምንድን ነው የሁለቱ ፊት አንድ ዓይነት የሆነው?» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ገድሏት ነው እንዴ የሚያዝነው?» አለች። ስለዚህ ሐውልት ካነበብኩት ሁሉ የልጅቷ ጥያቄ ይበልጥብኛል።

ያን ዕለት ለልጅ የማይነገር ስለሆነ የሜዱሳን ታሪክ አልነገርኳትም። የሮማው ባለ ቅኔ ኦቪድ እንደሚተርከው ሜዱሳ በጸጉሯ ውበት የምትታወቅ ልጃገረድ ነበረች። የባሕሩ አምላክ ኔፕቱን በጥበብ አምላኳ በሚነርቫ ቤተ መቅደስ ውስጥ አስገድዶ ደፈራት። ሚነርቫ ደፋሪውን ትታ የተደፈረችውን ቀጣች፤ ጸጉሯን እባብ አደረገችው። ከዚያ ወዲያ ፊቷን ያየ ሁሉ ድንጋይ ሆነ።

አሁን ወደ አደባባዩ እንመለስ። ኔፕቱን በባርቶሎሜዎ አማናቲ እጅ ግዙፍ ነጭ እብነ በረድ ሆኖ በፏፏቴ መካከል ቆሟል። ሚነርቫ በፐርሴዎስ መቆሚያ ላይ የራሷ ቦታ ተሰጥቷታል፤ የምታሸንፍበትን ጋሻ የምሰጥህ እኔ ንጽሕት እኅትህ ነኝ የሚል የላቲን ጽሑፍ አላት። የበደሉት ሁለቱም በክብር ቆመዋል፤ የተበደለችው ተረግጣለች። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። በዚያ ሁሉ መካከል ለሜዱሳ የሰው ፊት የሰጣት ቼሊኒ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እወደዋለሁ።

ሥራውን ያዘዘው የፍሎረንስ መስፍን ኮዚሞ ግን ይህን አልፈለገም። ኮዚሞ ደ ሜዲቺ ሥልጣን የያዘው በ1537፣ ገና በ17 ዓመቱ ነው። የቀድሞው መስፍን ተገድሎ ነበር፤ የሪፐብሊኩ ደጋፊዎችም ስደት ላይ ሆነው ጦር አዘጋጅተው ነበር። በዚያው ዓመት ሞንቴሙርሎ ላይ ድል አደረጋቸውና ከተማረኩት መካከል የብዙዎቹን አንገት አስቀላ። በ1545 ፐርሴዎስን ሲያዝዝ የከተማው ሰው ምን እንደሚያስታውስ ያውቃል። ያን ጊዜ በአዳራሹ ውስጥ የቀራጺው የዶናቴሎ ዮዲት ነበረች፤ የጠላት ጦር አለቃውን የሆሎፎርኒስን አንገት ስትቆርጥ የሚያሳየው ነሐስ። የኮዚሞ ዘመዶች ሜዲቺዎች ቀደም ሲል ከከተማው ሲባረሩ ሪፐብሊኩ ከቤታቸው አውጥቶ ለአምባገነን ሁሉ ማስጠንቀቂያ ትሁን ብሎ ያቆማት እሷን ነው። ኮዚሞ ሴት የወንድን አንገት በቆረጠችበት ቦታ ወንድ የሴትን አንገት እንዲቆርጥ አደረገ። መቆሚያው ላይ ያለው የፐርሴዎስ አባት፣ የአማልክት ንጉሥ ጁፒተርም፣ «ልጄ ሆይ፣ ማንም ቢጎዳህ ተበቃይህ እኔ ነኝ» ይላል። ለማን እንደተነገረ ፍሎረንሳዊ ሁሉ ይገባዋል።

ቼሊኒ አቀላለጡን በሕይወት ታሪኩ ተርኮታል። አስቀድሞ ያቀለጠው የሜዱሳን አካል ነው፤ ለብቻዋ። የፐርሴዎስ ተራ ሲደርስ ትኩሳት ይዞት አልጋ ላይ ወደቀ። አንድ ሰው መጥቶ ሥራህ ጠፋ፣ የሚያድነው የለም አለው። ተነሥቶ ሲያይ ነሐሱ እቶኑ ውስጥ እንደ ገንፎ ረግቷል፣ የቤቱ ጣሪያ ተያይዟል፣ ከአትክልቱ በኩል ዝናብና ነፋስ እሳቱን ያቀዘቅዛል። ከጎረቤት ደረቅ የባሉጥ (ኦክ) እንጨት አስመጥቶ እሳቱን አናረው። ብረቱ ሲቀልጥ ደግሞ አልፈስ አለ፤ እሳቱ ቆርቆሮውን በልቶት ነበር። ስለዚህ በቤቱ ያለውን የቆርቆሮ ሳህንና ጎድጓዳ ዕቃ፣ ወደ 200 የሚሆን፣ አንድ በአንድ ወረወረበት። ቅርጹ ሞላ። ቀዝቅዞ ሲገለጥ የጎደለው የቀኝ እግሩ ጣቶች አካባቢ ብቻ ነበር። ሰውየው ጉራ ይወዳል ይሉታል፤ ይወዳልም። እኔ ግን ያን ሌሊት አምነዋለሁ። ሐውልቱ በ1554 ሲገለጥ ሕዝቡ አደባባዩን ሞልቶ አደነቀ።

ከመቆሚያው ግርጌ፣ ወደ አደባባዩ በተዘረጋው የነሐስ ሰሌዳ ላይ፣ ለእኛ የሚቀርብ ታሪክ አለ። ፐርሴዎስ ከሜዱሳ ግድያ ሲመለስ ያዳናት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የሴፌዎስ ልጅ ናት። ግሪኮችና ሮማውያን በዚያ ስም የጠሩት ምድር የዛሬው አገራችን ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ልቤ እዚያ ሰሌዳ ላይ ይቀራል። እንደ ኦቪድ ትረካ ፐርሴዎስ እጁን ሊታጠብ የሜዱሳን ራስ በዚያ ባሕር ዳር የባሕር ሣር ላይ አኖረው፤ ሣሩ ደረቀና ኮራል የሚባለው ዘርፋም የባሕር ድንጋይ ሆነ። ከአንገቷ የሚወርደው ዘርፋም ደም ትርጉሙ ይህ ይመስለኛል። ኦቪድ በሌላ ግጥሙ አንድሮሜዳ ጥቁር እንደነበረች ይናገራል። በዚያው አደባባይ ዳር ባለው ቤተ መንግሥት፣ በፓላዞ ቬኪዮ፣ ያለው የቫሳሪ ሥዕል ግን ነጭ አድርጓታል። እንደ እሱ ያደረጉት ሠዓሊዎች ብዙ ናቸው፤ ይህን ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም።

የመቆሚያው ዋና ቅርጾች ከዝናብና ከጭስ ተርፈው ባርጄሎ ቤተ መዘክር ገብተዋል፤ አደባባዩ ላይ ያሉት ቅጂዎች ናቸው። የእህቴ ልጅ ዳግም ስትመጣ አንድሮሜዳን እዚያ በቅርብ አሳያታለሁ። ዕድሜዋም ደርሷልና የሜዱሳን ታሪክ ሳልቆርጥ እነግራታለሁ። ከዚያ ወደ ኡፊዚ ቤተ መዘክር እንሻገራለን፤ ይኸው ኮዚሞ የዓለምን ታላላቅ ሰዎች መልክ ሲያስሰበስብ ካሣላቸው ሥዕሎች መካከል የእኛ ዐፄ ልብነ ድንግል አሉበት።