ኢንሹራንስ እያለኝ፣ ያለ ኢንሹራንስ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ኡበር እየነዳሁ ነው የምኖረው። ከሁለት ዓመት በፊት ድካሙ አላስነሳ ሲለኝ የሌሊት ሥራው ነው ብዬ ችላ አልኩት። ደሜ ሲመረመር ሲኤምኤል የሚባለው የደም ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ «አትደንግጥ፣ በቀን አንድ ክኒን ነው» አለችኝ። ኢማቲኒብ ይባላል፤ ቀድሞ ግሊቬክ ይሉት የነበረው።

የደነገጥኩት ፋርማሲ ስደርስ ነው። ወርኃዊ ክፍያው እንዲቀንስልኝ ብዬ ዲዳክቲብሉ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በዓመት ከኪሴ የምሸፍነው፣ 7,000 ዶላር የሆነ የጤና ኢንሹራንስ ነበር የገዛሁት። ጤነኛ ሰው እንዲያ ነው የሚያሰላው። ለ30 ፍሬ 2,300 ዶላር ተባልኩ። በክሬዲት ካርድ ከፈልኩ፤ ለባለቤቴ ትንፍሽ አላልኩም።

በሁለተኛው ወር የፋርማሲዋ ልጅ ሐበሻ ሆነች። ስክሪኑን አየት፣ ግራ ቀኙን ቃኘት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች፦ «ጋሼ፣ ይሄን በኢንሹራንስ አይግዙት።»

ለካ በአሜሪካ የዚህ ክኒን ጀነሪክ፣ ማለትም ሌሎች ኩባንያዎች የሚሠሩት ያው መድኃኒት፣ ከ2016 ጀምሮ አለ፤ ዋጋውም ረክሷል። እኔ የምጠየቀው ግን ኢንሹራንሱና በመሃል ያሉት የመድኃኒት ዋጋ አገናኞች የተዋዋሉበትን ዋጋ ነው፤ ዲዳክቲብሉን ያልሞላ ሰው ሙሉውን ይከፍላታል። ማርክ ኩባን የሚባለው ባለሀብት በ2022 የከፈተው የኦንላይን ፋርማሲ ደግሞ በገዛበት ላይ 15 በመቶና የአገልግሎት ክፍያ ጨምሮ ይሸጣል። ያው 400 ሚሊግራም፣ የወሩ ከ50 ዶላር በታች! የውሸት መስሎኝ ሦስቴ አጣራሁ።

ጉዱ አላለቀም። ከኢንሹራንስ ውጭ የከፈልኩት ለዲዳክቲብሉ አይቆጠርልኝም፤ ስለዚህ በየሦስት ወሩ የሚደረገው የደም ምርመራ ቢል እኔው ላይ ይወድቃል። እዚህ ላይ ያዳነኝ የሆስፒታሉ የፋይናንስ እርዳታ ፎርም ነው። ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች ይሄ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ከመጀመሪያው ቢል በኋላ እስከ 240 ቀን ማመልከት ይቻላል። ካልጠየቃችሁ ግን ማንም ጠርቶ አይሰጣችሁም። የታክስ ወረቀቴን አያይዤ አስገባሁ፣ ከግማሽ በላይ ሰረዙልኝ።

አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ይሄን ስትሰማ ሳቀች። «ወንድምዓለም፣ ጥቁር አንበሳ እኮ በነጻ ነው የሰጡት!» የጎረቤታችንን ልጅ ማለቷ ነው። እውነቷን ነው፤ አምራቹ ኖቫርቲስ ማክስ ፋውንዴሽን ከሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ሆኖ ለዓመታት ለሕሙማን በነጻ ሲያቀርበው ኖሯል። ምን ልበላት?

ክኒኑ ከምግብ ጋር፣ በብዙ ውሃ ነው የሚወሰደው። ጾም ሲሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቄ፣ መኪናዬን ጥግ አስይዤ ከሽሮዬ ጋር እውጠዋለሁ። የዚያችን የመጀመሪያ ወር 2,300 ግን እስካሁን ከነወለዷ እየከፈልኩ ነው።