ከዊንተር የተረፈ ዘር

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ ካርቨር ፓርክ ሄጄ ነበር፣ እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ከሚኒያፖሊስ በስተምዕራብ ቪክቶሪያ የምትባል ከተማ ጋ ነው፣ እነሱ ሳይክል ሊነዱ እኔ ደግሞ ትንሽ አየር ልቀበል፣ እና ፓርኩ ውስጥ በቢጫ ጡብ የተሰራ አሮጌ የገበሬ ቤት አለ። የማን ነው ብዬ ማታ ሳነብ አመሸሁ። ሰውዬው ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

ቬንደሊን ግሪም ይባላል። በፈረንጅ 1857 ከጀርመን፣ ባደን ከሚባለው አካባቢ፣ ቤተሰቡን ይዞ ሚኒሶታ ገባ። ከዕቃው መሃል ምን ነበረ መሰላችሁ፣ ወደ 20 ፓውንድ የአልፋልፋ ዘር፣ 9 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። እኛ በርበሬና ሽሮ ይዘን እንደመጣነው እሱ የከብቶቹን መኖ ይዞ መጣ።

አልፋልፋን አገር ቤት የወተት ላም ያላቸው ሰዎች ያውቁታል፣ አንዴ ከተዘራ እየታጨደ እየበቀለ ለዓመታት ይቆያል፣ ስሩ ጥልቅ ነው፣ እንደ ባቄላ አፈሩንም ያዳብራል። ግሪም በቋንቋው የዘላለም ማገጥ (ማገጥ የምንለው ከብት የሚወደው ቅጠል ነው) እንደማለት ነበር የሚጠራው። ግን የሚኒሶታ ዊንተር ዘላለም አያውቅም፣ ከዜሮ በታች 30 ሲገባ ስሩ እዛው መሬት ውስጥ ይሞታል። በረዶው ሲቀልጥ ማሳው በብዛት ደርቆ አገኘው፣ እዚህም እዛም ግን ጥቂት ተርፏል። ከተረፉት ዘር ሰበሰበና መልሶ ዘራ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ሞተበት፣ አሁንም ከተረፉት ሰበሰበ፣ እንደዚህ እያለ ስንት ዓመት! ባህርይ በዘር እንዴት እንደሚተላለፍ ያጠናው መንደል እንኳን የአተር ጥናቱን ያሳተመው በ1866 ነው እኮ፣ ይሄ ሰው ያኔ ማሳው ላይ ስራውን ከጀመረ ቆይቷል።

ይሄን ሳነብ አባቴ ነው ትዝ ያለኝ። ገብስ ሊታጨድ ሲል ብቻውን ማሳው ውስጥ ይገባና ዛላ ይመርጣል፣ በመዳፉ ያሸዋል፣ እፍ ብሎ ገለባውን ያበራል፣ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰበር አድርጎ ያያታል። የመረጠውን አስሮ ከምድጃው በላይ ጭስ የሚያገኘው ቦታ ይሰቅለዋል። በችግር ዓመት ጎተራው ባዶ ሆኖ እንኳን ያቺን ማንም አይነካም፣ እናቴም አትነካም።

ሳልጠቅስ የማላልፈው ነገር አለ። ግሪም ያረሰው መሬት የአገሩ ነባር ባለቤቶች የዳኮታ ህዝብ ነበር፣ በ1851 በውል ስም እንዲለቁ የተደረጉበት። በ1862 በነሱና በአሜሪካኖቹ መሃል ጦርነት ተነሳ፣ ማንካቶ የምትባል የሚኒሶታ ከተማ ላይ 38 የዳኮታ ሰዎች በአንድ ቀን ተሰቀሉ። እሱ ዘሩን በሚለቅምበት ዘመን ማለት ነው። ሁለቱንም አብሬ ነው የማስበው፣ አንዱን ለሌላው ብዬ መተው አልችልም።

ከብቶቹን ወደ ገበያ ሲነዳ ጎረቤቱ አየና በቆሎ በሌለበት ጊዜ እንዲህ የሰቡት ምን አግኝተህ ነው ብሎ ጠየቀው ይባላል፣ እሱም አንድ ፍሬ በቆሎ አልቀመሱም፣ ማገጡ ብቻ ነው አለ። ጎረቤቶቹ ዘሩን ወሰዱ፣ ካርቨር ካውንቲ ውስጥ ተስፋፋ፣ በቃ እዛው ቀረ። ግሪም በ1890 ሞተ። ከአስር ዓመት ገደማ በኋላ ነው አርተር ላይማን የሚባል አስተማሪ ለሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ሰዎች የነገራቸው፣ ከዛ በኋላ በሰሜኑ ብርድ አገር ሁሉ ግሪም አልፋልፋ ተብሎ ተዘራ። በ1924 እርሻው ላይ ሃውልት ቆመለት። እሱ ግን አላየውም፣ ይሄ ነው የከበደኝ።

እሁድ አባቴ ጋ ደወልኩና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና "ከሞት የተረፈችውን ነው መልሶ የዘራት?" አለኝ። አዎ አባባ አልኩት። "ጎሽ!" አለና ዘንድሮ ዝናቡ እንደዘገየ ይነግረኝ ጀመር።