እማዬ እና ቡቺ ሸናንዶዋ ላይ

ውሻዬን ቡቺን ይዤ ስወጣ የሚያዩኝ የሀበሻ ሰዎች ብዙ ጊዜ «አንቺ ደግሞ ፈረንጅ ሆነሽ ቀረሽ» ይሉኛል። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ ግን ሁሌም ትንሽ ይከፋኛል፣ ምክንያቱም ውሻ መውደድን እዚህ አሜሪካ መጥተን የለመድነው ነገር አድርገን ነው የምናወራው። ባለፈው ዊኬንድ ከእማዬ ጋር ተራራ ወጥተን ስንመለስ ይሄን ነገር ሳልረሳው መጻፍ አለብኝ ብዬ ነው አሁን የተቀመጥኩት።

እማዬ የመንዝ ልጅ ናት። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ እኔ ጋ ከመጣች ጀምሮ እሷና ቡቺ ተከባብረው በርቀት ነው የሚኖሩት፣ ነጠላዋን እንዲነካባት አትፈልግም፣ ጸሎት ላይ ስትሆን በሩን ዘግታ ነው፣ ኩሽና ከገባ «ውጣ!» ትለዋለች እሱም ይወጣል። ግን አትጠላውም፣ ምግቡ ሊያልቅ ሲል ቀድማ የምትነግረኝ እሷ ናት። የውሻ ቦታ ደጅ ነው ብላ ነው ያደገችው፣ በቃ። ቡቺን በኮሮና ጊዜ ነው ከሸልተር ያመጣሁት፣ ያኔ ሆስፒታል የሌሊት ሽፍት እየሰራሁ ጠዋት ባዶ አፓርትመንት ስገባ በር ላይ የሚጠብቀኝ እሱ ነበር፣ ያንን ጊዜ ያለ እሱ እንዴት እንደማልፈው አላውቅም።

ግላምፒንግ እንሂድ ስላት መጀመሪያ አልገባትም። ካምፒንግ ነው ግን አልጋ አለው፣ ምንጣፍ አለው፣ የእንጨት ምድጃ አለው፣ ወፍራም የሸራ ድንኳን ነው የእንጨት ወለል ላይ የተተከለ አልኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ድንኳን የሚጣለው ለሰርግ ነው ወይ ለለቅሶ ነው፣ እኛ ምን ሆነን ነው ድንኳን ውስጥ የምናድረው?» አለችኝ። ተራራ ነው፣ ብርድ አለው፣ እሳት እናነዳለን ስላት ግን ወዲያው ጋቢዋን ማጣጠፍ ጀመረች።

እዚሁ ቨርጂኒያ ያለውን የሸናንዶዋ ናሽናል ፓርክ የመረጥኩት በቡቺ ምክንያት ነው። ብዙ ናሽናል ፓርኮች ውሻን ከመኪና ማቆሚያውና ከካምፑ ብዙም አያሳልፉም፣ እዚህ ግን አብዛኛው የእግር መንገድ ተፈቅዷል፣ ማሰሪያው ከ6 ጫማ መብለጥ የለበትም እንጂ። የተከለከሉም አሉ፣ ኦልድ ራግ፣ ዳርክ ሆሎው ፏፏቴ፣ ስቶኒ ማን፣ ቤርፌንስ፣ ስለዚህ ውሻ ያላችሁ ሰዎች ከመሄዳችሁ በፊት ዝርዝሩን እዩት። ከፍሮንት ሮያል ገብተን በስካይላይን ድራይቭ ነው የሄድነው፣ መንገዱ በጠቅላላው 105 ማይል ነው፣ የተራራውን ጀርባ ይዞ ነው የሚሄደው፣ በሰዓት ከ35 ማይል በላይ መንዳት ክልክል ነው፣ እኛ ደግሞ ከዚያም በታች ነበርን ምክንያቱም እማዬ በየማዞሪያው «አቁሚ፣ አቁሚ» ትላለች። ቅጠሉ ቀይ፣ ቢጫ፣ ብርቱካን ሆኖ ነበር። ቡቺ አፍንጫውን በመስኮቱ ክፍተት አውጥቶ አይኑን ጨፍኖ ንፋሱን ያሸታል፣ እማዬ በሷ በኩል መስኮቱን ከፍታ እሷም ታሸታለች። «የአገሬ ሽታ አለው» አለች፣ ከዛ ብዙ ሰዓት ዝም።

ማደሪያችን ከፓርኩ ውጪ ሉሬይ ወደምትባለው ከተማ ወረድ ብሎ ነበር። ስለ ድንኳኑ ብዙ አልልም፣ ንጹህ ነበር፣ አልጋው ጥሩ ነበር፣ ሻወሩ ትንሽ ራቅ ይላል። ማታውን ግን እስከ መቼም አልረሳውም።

እማዬ የጽጌን ጾም ትጾማለች፣ ለራሷ ሽሮ ይዛ ለኔ ግን ዶሮ ወጥ ሰርታ ነው የመጣችው፣ አትድከሚ ብላት አልሰማችኝም። እሳቱ ዳር ተቀምጠን በላሁ፣ ጀበናውን ፍሙ ላይ ጣደች፣ ብርዱ ከጀርባ ይቆነጥጣል እሳቱ ከፊት ይለበልባል። ቡቺ እግሬ ስር ተኝቶ ሳህኔን ያያል። እማዬ አጥንቱን አንስታ ልትሰጠው ስትል ያዝኳት፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠቀ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል፣ ሽንኩርቱ ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው፣ ደሙን ነው የሚጎዳው። በጣም ነው የደነገጠችው። «እንዴ! በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ፣ በዚህ ብርድ ምንም ሳይቀምስ ሊያድር?» ምግቡን አውጥቼ ሰጠሁት፣ እሷ ግን ያ ደረቅ ምግብ ምግብ አልመሰላትም፣ ደጋግማ ታየው ነበር።

ከዛ ነው ስለ መቻል የነገረችኝ። መቻል የአያቴ ውሻ ነው። ይሄን ሁሉ ዘመን እናቴ ሆና ስለሱ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። በልጅነቷ በግ ስትጠብቅ አብሯት ይውል ነበር አለች፣ ጭጋግ ሲወርድ በጎቹ አይታዩም፣ እሱ ግን ዞሮ ዞሮ ሰብስቦ ያመጣቸዋል፣ ቀበሮ ግልገል ለመውሰድ ሲጠጋ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። ማታ ደጃፍ ላይ ነው የሚተኛው፣ ጅብ ሲመጣ ድምፁ ይለያል፣ አያቴ ከድምፁ ብቻ ምን እንደመጣ ያውቅ ነበር። አያቴ (እናቷ) ቂጣ ስትጋግር የመቻልን ቂጣ ለብቻ ትጋግርለት ነበር፣ ከገብስ፣ ጨው የሌለው። «እና ሲሞትስ?» አልኳት። ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሰች «አባቴ የዛን ቀን እህል አልቀመሰም» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

እንግዲህ ይሄ ፍቅር ካልሆነ ምን ልንለው ነው? አያቴ መቻልን አልጋ ላይ አላስተኛውም፣ ልብስ አላለበሰውም፣ አልሳመውም፣ ግን ቂጣ ለብቻ ተጋግሮለታል፣ ሲሞት ደግሞ ቤቱ አዝኗል። እኛ ውሻ መውደድን አሜሪካ ያስለመደን ነገር እናስመስለዋለን እንጂ እናቶቻችን ከኛ በፊት ያውቁት ነበር፣ ያልሰማነው አውርተውት ስለማያውቁ ነው።

ሌሊት ላይ ቡቺ ተነስቶ ወደ በሩ ዞሮ ማጉረምረም ጀመረ፣ ውጪ ቅጠል ሲረገጥ ይሰማል። እማዬ ቀና ብላ «ጅብ አለ እንዴ እዚህ?» አለች። ጅብ የለም እማዬ፣ ድብ ነው ያለው አልኳት፣ ምግቡን ሁሉ መኪና ውስጥ ቆልፈነዋል አትፍሪ። አጋዘን ይሁን ምን ይሁን ትንሽ ቆይቶ ሄደ፣ ቡቺም በሩ ጋ እንደቆመ ቀረ። «ጎበዝ» አለችው በጨለማው፣ ለኔ ሳይሆን ለሱ። ቀና ብሎ አያት። ቤት ውስጥ አንድም ቀን እንደዛ ብላው አታውቅም።

ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ አልጋዋ ባዶ ነው። ውጪ የእንጨቱ በረንዳ ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ዳዊቷን እየደገመች ነው፣ ቡቺ በረጅም ገመዱ ታስሮ ከደረጃው በታች ሳሩ ላይ ተኝቷል፣ ልብሷን አይነካም ግን ከእሷም አይርቅም። ማን እንደዛ ብሎ እንዳስተማረው አላውቅም።

እሁድ ሆክስቢል ወጣን። የፓርኩ ትልቁ ተራራ ነው፣ 4,051 ጫማ፣ በሜትር 1,235። እማዬ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው ተወልዳ ያደገችው፣ «ይሄማ ጉብታ ነው» ብላ ጉልበቷ እያመማት እንኳን ቀድማን ነው የሄደችው። ጫፉ ላይ ከድንጋይ የተሰራ መመልከቻ አለ፣ ሸለቆው ከስር ሙሉውን ይታያል።

ከዛ ዝቅ ባለ ሌላ መንገድ ስንሄድ ጫካው መሀል ካብ አየች፣ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት የወረሰው የድንጋይ ካብ። ቆመችና በእጇ ዳሰሰችው። «ይሄ የእርሻ ካብ ነው፣ ሰው ነበረበት» አለች። ልክ ናት። ፓርኩ በ1935 ከመቋቋሙ በፊት እዚህ ተራራ ላይ ገበሬዎች ነበሩ፣ የቨርጂኒያ ስቴት መሬቱን ወስዶ ለፌዴራል መንግሥት አስረከበ፣ ቤተሰቦቹ እንዲወጡ ተደረገ፣ ጥቂት አዛውንቶች ብቻ ናቸው እስኪሞቱ እንዲቆዩ የተፈቀደላቸው። መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሉዊስ ማውንቴን የሚባለው ካምፕ ለጥቁሮች ብቻ ተብሎ የተለየ ነበር። ይሄን ሁሉ በአማርኛ ሳስረዳት «ሰዎቹስ የት ሄዱ? ከብታቸውስ?» እያለች ነው፣ ቡቺ ደግሞ ካቡ ስር እያሸተተ ነው፣ አላጣደፍኳቸውም።

ቤት ስንገባ ቡቺ ላይ መዥገር ማየት ነበረብኝ፣ በዚህ አካባቢ «ላይም» (Lyme) የሚባል በሽታ ያመጣል፣ ጆሮው ውስጥ፣ ብብቱ ስር፣ ጣቶቹ መሀል፣ አንገት ማሰሪያው ስር በጣት እየዳሰሱ መፈለግ ነው። አንድ ከጆሮው ጀርባ አገኘሁ፣ በወረንጦ ከስሩ ይዤ ቀጥ አድርጌ ሳብኩት። እማዬ ቆማ ባትሪ ታበራልኝ ነበር፣ «ቀስ በይ ያመዋል» እያለች።

አሁንም ኩሽና አታስገባውም። ትናንት ግን ሥራ ላይ ሆኜ ደውላልኝ የገብስ ዱቄት ይዘሽ ነይ አለችኝ። ጨው እንዳታደርጊበት እሺ ስላት «እኔን ልታስተምሪኝ ነው?» ብላ ዘጋችው።