ብርድ ልብስ ለቆላ
የበጎ አድራጎት ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ሊጠራ ነው። አንዱ አጀንዳ ከወዲሁ እያነታረከን ነው። ቅርንጫፎች ራሳቸው ይወስኑ ወይስ ሁሉም ነገር ደብረ ብርሃን ባለው ኮሚቴ በኩል ይለፍ? እኔ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ብዙ ሰው "አንተማ ሁሉም በእጅህ ቢሆን ነው የምትወደው" ይለኛል። አይደለም።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ ኮሚቴው ለሁሉም ቅርንጫፍ ብርድ ልብስ እንዲገዛ ወሰነ። ደብረ ብርሃን ላይ ሆኖ ላሰበው ትክክል ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ከወለጋ ተፈናቅለው መጠለያ ያሉ ወገኖቻችን በኅዳር ውርጭ ምን እንደሚሆኑ እናውቃለን። ሌሊቱን በሸራው ላይ ያቆረው እርጥበት ሊነጋጋ ሲል ተኝተው ባሉ ልጆች ፊት ላይ ይንጠባጠባል። እናቶች በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ነው የሚያነጉት።

ብርድ ልብሱን የጫነው አይሱዙ ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ግን አገሩ ሌላ ነው። ቆላ ነው። አስተባባሪያችን ደወለችልኝ። "ወንድም ጋሼ፣ እዚህ እኮ ሰው ነጠላም ከብዶት ነው የሚያድረው። ብርድ ልብሱን ምን ላድርገው? ወባ ተነስቷል፣ የቸገረን አጎበር ነው።" ለኮሚቴው ነገርኩ። "በቃለ ጉባኤ የጸደቀ ነው፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል" ተባልኩ። ብርድ ልብሱ በሲባጎ እንደታሰረ መጋዘን ውስጥ ተከመረ። አጎበር ገበያው ላይ አለ። እሷ ግን የመግዛት ሥልጣን የላትም። ልጆች በትኩሳት ሲንቀጠቀጡ እያየች የእኛን ስብሰባ ጠበቀች። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የኮሚቴው ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ከኪሳቸው ያወጣሉ፣ እሑዳቸውን ይሰጣሉ። ችግሩ ያየችው እሷ ሆና ሳለ የምንወስነው እኛ መሆናችን ነው።

"እንግዲያው እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱን ገንዘብ ይሰብስብ፣ የራሱን ያድርግ" የሚሉ ወዳጆቼ አሉ። ከእነሱም ጋር አልስማማም። መጠለያው ውስጥ የተለያዩ ቡድኖች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ደብተር ይዘው ሲመዘግቡ አይቻለሁ። አንድ አባወራ በሦስት ደብተር ይጻፋል። አጠገቡ ያለች አራስ በአንዱም የለችም። ሰልፍ ወጥታ ስሟን ማን ያስመዝግብላት? በዚያ ላይ ሁሉም በቴሌግራም የየራሱን የባንክ ቁጥር ከለቀቀ፣ አንዱ ጋ የተፈጠረ ሐሰት የሁላችንንም ስም ይዞ ይጠፋል። መዝገቡ፣ ሒሳቡና ኦዲቱ አንድ ቦታ ይሁን። በዚህ ላይ ንቅንቅ አልልም።

የሰፈሬን ዕድር አያለሁ። ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን ለመትከል፣ ውኃ ለመቅዳት፣ ንፍሮ ለመቀቀል የዕድሩን ዳኛ የሚያስፈቅድ የለም። ቅርብ ያለው ይጀምራል። ከባንክ ግን ፊርማዎቹ ካልተሟሉ አንድ ብር አይወጣም። አባሉም በዚህ ተከፍቶ አያውቅም።

ገንዘቡ ራሱ ከአንድ ሰው ብቻ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ደግሞ ባሕር ማዶ ታይቷል። ኢፌክቲቭ አልትሩይዝም የሚባል የበጎ አድራጎት እንቅስቃሴ አለ። አንድ ብር የት ቢውል የበለጠ ሰው ይጠቅማል ብለው በስሌት የሚያስቡ ሰዎች ናቸው። ከትልልቅ ለጋሾቻቸው አንዱ በክሪፕቶ (በዲጂታል ገንዘብ) ንግድ የከበረው ሳም ባንክማን ፍሪድ ነበር። ኅዳር 2015 ላይ ኤፍቲኤክስ የተባለው ድርጅቱ ሲከስር በእሱ ገንዘብ ይሠራ የነበረው የበጎ አድራጎት ፈንድ ሠራተኞች ሥራቸውን ለቀቁ፣ ገንዘብ ቃል የተገባላቸው ብዙ ሰዎችም ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ገንዘብ የሚመጣበት በር አንድ ሲሆን ያ በር በተዘጋ ቀን ሁሉም ደጅ ይቀራል። እኛም አንድ የዳያስፖራ ለጋሽ ላይ ብቻ እንዳንንጠለጠል ደጋግሜ የምናገረው ለዚህ ነው።

ኮሚቴው የሚያነሳው ትልቁ መከራከሪያ ሕጉ ነው። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። "ለየቅርንጫፉ ሥልጣን ከሰጠን ቢሮ ይጠይቁናል፣ ወጪው ይበልጣል" ይላሉ። ግን እኮ የሸዋ ሮቢቷ አስተባባሪ የጠየቀችው ቢሮ አይደለም። አጎበር ነው።

ደግሞ በ2013 አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ጦርነቱ ደብረ ሲና ሲደርስ፣ ማን ነበር ስብሰባ የሚጠብቀው? ለሸሸው ሰው ዳቦ ያቀበለው፣ ውኃ ያጠጣው መንገድ ዳር ያለ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የቅርንጫፉ ሰው እጁ ላይ ገንዘብ ከሌለ፣ ደብረ ብርሃን ያለው ሒሳብ ምን ይፈይዳል?

ስለዚህ ለጉባኤው ይህን አቀርባለሁ። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በየሦስት ወሩ የተወሰነ ገንዘብ በእጁ ይያዝ። እስከዚያ መጠን ድረስ ሁለት ሰው ፈርሞ ይግዛ፣ ምን እንደሚገዛም ራሱ ይወስን። ከዚያ በላይ ሲሆን ይጠይቀን። በሦስት ቀን ካልመለስንለት እንደተፈቀደ ይቁጠረው። ሒሳብ ያላወራረደ ቅርንጫፍ ግን ቀጣዩን አይወስድም። እዚህ ላይ ይሉኝታ የለም።

የቀረው የደረሰኝ ጉዳይ ነው። መሐል ሜዳ ገበያ ባና የምትሸጥ እናት ደረሰኝ ከየት ታምጣ? ከእሷ መግዛቱ ደግሞ በርካሽም በጥሩም ያስገኛል፣ ብሩም እዚያው ይቀራል። የሻጯ ጣት አሻራ፣ የገዢዎቹ ፊርማና የአንድ ምስክር ስም ያለበት ቅጽ አዘጋጅቻለሁ። ኦዲተራችን አይቶት "ዋጋው በቁጥርም በፊደልም ይጻፍበት" አለኝ። ጨምሬበታለሁ። አባላት ከጉባኤው በፊት እንድታዩት በየቅርንጫፉ እልከዋለሁ።